በሞቃት አገር የጓሮ አትክልት፤ ከአምቡሊ እስከ አርሂባ

የጅቡቲ ስም በተነሣ ቍጥር ለነጋዴው መጀመሪያ የሚታየው ወደቡ፣ ለአስተዳዳሪውም ከወደቡ ተነሥቶ ወደ መኻል አገር የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ነው። የከተማይቱን ፀሐይ የቀመሰ መንገደኛ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ሙቀቷ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ሰው ከደጁ ቆስጣ ቈርጦ፣ ከአጥሩ ሥር ሎሚ ለቅሞ ይበላል ቢባል ለጊዜው ቀልድ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ነገሩ ቀልድ አይደለም። በአምቡሊ ወንዝ ዳር ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ፣ ዛሬም እንደ አርሂባ ባሉት የተጨናነቁ ሰፈሮች በጥቂት ውሃና በብዙ ብልሃት ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ብልሃቱን ሳያውቅ የሚጀምረው ሰው ግን ዘሩንና ውሃውን ይከስራል፤ አንዳንድ ጊዜም የቤተ ሰቡን ጤና ይጎዳል።

የአየሩ ጠባይ

አትክልት ለመትከል የሚያስብ ሰው ከዘሩ በፊት የአየሩን ጠባይ ማወቅ አለበት። በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 150 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን በየወሩ ተከፋፍሎ የሚወርድ ሳይሆን፣ አንዳንድ ዓመት የሚቀር፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚደፋ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ብንጠቅስ፣ በአፕሪል 2004 የአምቡሊ ወንዝ በድንገት ሞልቶ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል፤ በኖቬምበር 2019ም የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ከተማይቱን አጥለቅልቋታል። ከሰማይ የሚመጣው ውሃ ይህን ያህል ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ከመሬት ሊያተኑት የሚችሉት ውሃ ከዝናቡ ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው።

ሙቀቱም በሁለት ወቅት ይከፈላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ እምብዛም ዝቅ አይልም። ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስም አቧራ እየነዳ የሚመጣው በዚሁ ወቅት ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ግን ቀኑ ወደ 28 እና 30 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ወደ 22 እና 23 ዲግሪ ይወርዳል። እንግዲህ የጓሮ አትክልት ዋና ዘመን ይህ ሁለተኛው ወቅት ነው። ደገኛው ማጭዱን ሲያነሣ የባሕር ዳሩ አትክልተኛ ዘሩን ያወጣል ማለት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያልተረዳ፣ በተለይም ከደጋ የመጣ ሰው፣ በለመደው ወር በሰኔ ይዘራና ችግኙ ሲቃጠል መሬቱን ይረግማል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ቲማቲም ነው። የቲማቲም ተክል በሙቀት ጊዜ ቅጠሉ ሊለመልም፣ አበባውም ሊያብብ ይችላል። ይሁን እንጂ ቀኑ ከ35 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ከ24 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲቈይ የአበባው ዱቄት ይመክንና አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ባለቤቱም ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል፤ ፍግ ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል፤ ፍሬ ግን አያይም። የጎደለው ውሃም ፍግም ሳይሆን የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነውና። ዘሩን በመስከረም መጨረሻ በጥላ ሥር አፍልቶ፣ ችግኙን በጥቅምት ያዛወረ ሰው ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ፍሬውን ይለቅማል። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ድንብላልም የሚስማማቸው ይኸው ወቅት ነው። በበጋው ቃጠሎ ጊዜ መሬቱን ባዶ ላለመተው የሚፈልግ ሰው ባሚያን፣ ደበርጃንን፣ ቃሪያንና ቅጠሉም ሥሩም የሚበላውን ስኳር ድንች ይተክላል። እነዚህ ሙቀትን የሚታገሡ ናቸው።

የባቡሩ ጭነትና የጓሮው ፍሬ

የጅቡቲ ከተማ በ1896 የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ያለው የአምቡሊ ሸለቆ የመጠጥ ውሃዋም የአትክልት ስፍራዋም ሆኖ አገልግሏል። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ቢሆንም ከአሸዋው በታች ውሃ ስለሚገኝ፣ ከባሕር ማዶ ከየመን የመጡ አትክልተኞችም ጭምር ጕድጓድ እየቈፈሩ በቴምር ዛፎች ጥላ ሥር አትክልት ይተክሉ ነበር። በአገሩ ሰሜንም በታጁራ ተራሮች እንደ ራንዳና ባንኳሌ ባሉ ቦታዎች የጓሮ አትክልትና ፍሬ ይለማል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ተደምሮ ለከተማው ሕዝብ የሚበቃ ሆኖ አያውቅም። ለእርሻ የተመቸው መሬት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አገሩ ከሚበላው እህልና አትክልት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው።

ጕድለቱን ሲሞላ የኖረው መኻል አገር ነው። የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የሐረርጌ ድንች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የድሬዳዋ ብርቱካንና ማንጎ ወደ ጅቡቲ ገበያ ይወርድ ጀመር። አሮጌው ሐዲድ ከደከመ በኋላ ጭነቱን የጭነት መኪናዎች ተረከቡት። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የንግድ ሥራውን ጀመረ።

ይህን የሚያውቅ ነጋዴ፣ «ከሐረርጌ የሚመጣ አትክልት እያለ በጨው መሬት ላይ መድከም ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በሸቀጡ ዓይነት ላይ ይገኛል። ሽንኩርትና ድንች በጆንያ ታስረው፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያለውን የቆላ መንገድ ተጕዘው ብዙም ሳይጎዱ ይደርሳሉ። እነርሱን በጅቡቲ ግቢ ውስጥ በውድ ውሃ ማብቀል ኪሳራ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ድንብላል፣ ናናና በሶብላ ግን በተቈረጡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚጠወልጉ ናቸው። በመንገድ ላይ የሚበላሸው ድርሻም በመጨረሻ የሚከፈለው በገዢው ኪስ ነው። እንግዲህ የከተማው ጓሮ ከባቡሩ ጋር የሚወዳደር ሳይሆን ባቡሩ ሊያመጣው የማይመቸውን የሚያሟላ መሆን አለበት። በጆንያ የሚጓዘውን ከገበያ፣ በእቅፍ የሚቈረጠውን ከጓሮ ማለት ነው።

ደግሞም መኻል አገር ያለው ምንጭ የማይነጥፍ ነው ብሎ መተማመን አይገባም። በሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ ሲቀዳ፣ ከተራራው በታጠበ አፈርም ሲሞላ ኖሮ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ቢመለስም፣ ለደገኛውም ለባሕር ዳሩም ነዋሪ ትምህርት ትቶ አልፏል። አትክልት ከአንድ አገር ወደ ሌላው ሲጫን አብሮ የሚጫነው የዚያ አገር ውሃ ነው።

ውሃና ጨው

በባሕር ዳር አትክልት የሚተክል ሰው ከውሃ ማነስ ይልቅ አብልጦ ሊፈራው የሚገባ አንድ ጠላት አለ፤ ይኸውም ጨው ነው። የከተማይቱ የጕድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት ከመጠን በላይ ሲቀዳ በመቈየቱ ጨዋማነቱ ጨምሯል። ይህን ችግር ለማቃለል በኢትዮጵያና በጅቡቲ መካከል በ2013 ስምምነት ተደርጎ፣ በሽንሌ አውራጃ ከሚገኘው ከሐደጋላ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ቧንቧ ተዘርግቷል። ስምምነቱም በቀን እስከ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲተላለፍ የሚፈቅድ ነው። በ2021 ደግሞ የባሕር ውሃን ጨው የሚለይ ፋብሪካ በዶራሌ ተመርቋል። እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሌላ አገር ተሻግሮ የመጣ ወይም ጨዉ በኤሌክትሪክ ኀይል የተለየ ውሃ፣ በቀትር ፀሐይ አሸዋ ላይ የሚደፋ ውሃ አይደለም።

የጨዉን ነገር በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። በአንዱ ሊትር አንድ ግራም ጨው ያለበት ውሃ ለምላስ ብዙም አይከብድም። ዐሥር ካሬ ሜትር መደብ ያለው ሰው በየካሬ ሜትሩ በቀን ስድስት ሊትር ቢያጠጣ፣ በቀን ስድሳ ሊትር ውሃ፣ ከውሃውም ጋር ስድሳ ግራም ጨው በመደቡ ላይ ያፈሳል። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ ጨዉ ግን አይተንም። በወር ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ፣ ስድስት ወር በሚቈየው የመትከያ ወቅትም ወደ ዐሥራ አንድ ኪሎ ጨው በዚያች ጠባብ መደብ ውስጥ ይከማቻል። በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲታይ፣ የቅጠሉም ጠርዝ እንደ ተለበለበ ሲደርቅ ምልክቱ ይህ ነው።

መድኀኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ጨዉ ከሥሩ በታች እንዲወርድ አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ በርከት ያለ ውሃ ማጠጣት ነው፤ በየቀኑ ላይ ላዩን ብቻ ማርጠብ ጨዉን ከላይ ያከማቸዋል። ይህም የሚሠራው ውሃው የሚወርድበት ሲያገኝ ብቻ ስለ ሆነ፣ አፈሩ ጭቃማ ቢሆን አሸዋ መቀላቀል፣ በበርሜል የተተከለም ቢሆን የበርሜሉን ቂጥ መብሳት ያስፈልጋል። ሁለተኛው መድኀኒት ተክሉን መምረጥ ነው። ፎሶልያ፣ ካሮትና ሽንኩርት ጨውን ፈጽሞ የማይወዱ ናቸው። ቲማቲም መካከለኛ ነው። ቀይ ሥርና ቆስጣ በደንብ ይታገሣሉ። ከዛፎች ሁሉ ደግሞ ቴምርን የሚተካከል የለም፤ ሮማንና በለስም ከእርሱ ቀጥለው ይቈጠራሉ። ሎሚና ብርቱካን ግን ጣፋጭ ውሃ የማይገኝበት ቦታ ባይተከሉ ይሻላል።

በአርሂባ ያለች ጠባብ ግቢ

አርሂባ ብዙ የአፋር ቤተ ሰቦች የሚኖሩበት የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ቤት ከቤት ተያይዞ ስለሚሠራ ለአትክልት የሚተርፈው መሬት የአንድ ምንጣፍ ያህል ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ አራት ካሬ ሜትር መደብ በቀዝቃዛው ወቅት የሚፈልገው ውሃ በቀን ወደ ሃያ አራት ሊትር፣ ይኸውም አንድ ጀሪካን ያህል ነው። ሩዝና አትክልት የታጠበበት፣ ዕቃ ያለ ብዙ ሳሙና የተለቀለቀበት ውሃ ቢጠራቀም ከዚህ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ይሸፍናል። የሳሙናውን ውሃ ለዛፍ ሥር ማዋል እንጂ ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይ ማፍሰስ አይገባም።

መደቡ እንደ ደጋው ከፍ ብሎ ሳይሆን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቢሠራ ይመረጣል። ዙሪያው በጠርዝ ሲከበብ ውሃው አይፈስም፤ ነፋሱም በችግኙ ላይ አይበረታም። ማጠጣት የሚገባውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ጎሕ ሲቀድ ነው። የአፈሩን ፊት በዘንባባ ቅጠል፣ በገለባ ወይም በተቀዳደደ ካርቶን ማልበስ ውሃውን ከትነት ያድናል፤ የአፈሩንም ግለት ይቀንሳል። ብቻ በከተማይቱ መንገዶች የሚዘዋወሩ ፍየሎች ካርቶኑንም ቅጠሉንም እኩል ስለሚወዱ ጥሩ አጥር ካልታጠረ ድካሙ ለፍየል ምሳ ይሆናል።

ለጥላም ቢሆን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት ሰሌን ሲያረጅ በአራት ካስማ ላይ ቢዘረጋ የቀትሩን ፀሐይ ይከላከላል። ጥላው ብርሃኑን ጨርሶ መዝጋት የለበትም፤ ሢሶውን ወይም ግማሹን ቢቀንስ በቂ ነው። መሬት የሌለው ሰው በጣሳና በበርሜል መትከል ይችላል። ነገር ግን ብረት በፀሐይ ሲግል ሥሩን ስለሚቀቅለው፣ በርሜሉን በጆንያ መጠቅለል ወይም ነጭ ቀለም መቀባት አስፈላጊ ነው።

ውሃን ለመቈጠብ ከተገኙት ዘዴዎች ሁሉ ቀላሉ የሸክላ ገንቦ ነው። ያልተቀባና ያልተወለወለ ገንቦ እስከ አንገቱ በመደቡ መካከል ተቀብሮ ውሃ ሲሞላ፣ ውሃው በሸክላው ግድግዳ ቀስ በቀስ እየሰረገ ዙሪያውን ያሉትን ሥሮች ያጠጣል። አፈሩ ሲጠግብ መስረጉ ይቀንሳል፤ ሲደርቅ ይጨምራል። ይህ ዘዴ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በቻይና የእርሻ መጽሐፍ የተመዘገበ ሲሆን እስከ ዛሬ በደረቅ አገሮች ይሠራበታል።

ማዳበሪያውም ከአጠገብ ነው። የአሸዋ አፈር ውሃም ምግብም ስለማይዝ ብስባሽ ካልተቀላቀለበት ፍሬ አይሰጥም። ከ2006 ጀምሮ በዳመርጆግ ወደ ዐረብ አገር የሚላኩ ከብቶች፣ ግመሎች፣ በጎችና ፍየሎች የሚቈዩበት የጤና መመርመሪያ ጣቢያ አለ። እንስሳት በብዛት በሚሰበሰቡበት ስፍራ ደግሞ ፍግ ይከማቻል። ሆኖም ትኵስ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ ጨውም አለው። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ተከምሮ፣ እየረጠበና እየተገላበጠ ከበሰበሰ በኋላ ነው ለመደብ የሚሆነው። ከወደቡ የሚገኘው የዓሣ ትርፍራፊም በጥልቁ ከተቀበረ ለዛፍ ጥሩ ምግብ ይሆናል።

ስለ ወባ ትንኝ

በዚህ ሁሉ መካከል በቸልታ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በ2012 አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በጅቡቲ ከተማ ነው። ይህች ትንኝ የትውልድ አገሯ እስያ ሲሆን እንደ ሌሎቹ የአፍሪካ የወባ ትንኞች ረግረግ ብቻ አትፈልግም፤ በከተማ መካከል፣ በበርሜልና በታንከር በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች። ውጤቱም የሚያስደነግጥ ሆነ። ወባን ጨርሳ ለማጥፋት ተቃርባ የነበረችው ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው ሕመምተኛ 27 ብቻ ሲሆን፣ በ2020 ግን ቍጥሩ ከ70 ሺህ በለጠ። ትንኟም ወደ ኢትዮጵያ ተሻግራ በ2016 በቀብሪደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነበር።

ለአትክልት ሲባል ውሃ የሚያጠራቅም ሰው ይህን ሳያስብ በርሜሉን ክፍት ቢተው፣ በአንድ በኩል ለልጆቹ ቆስጣ እያበቀለ፣ በሌላ በኩል ወባ ይፈለፍልላቸዋል። ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። በርሜሉን በክዳን፣ ክዳን ከሌለም በጥብቅ በታሰረ ወፍራም ጨርቅ መሸፈን፣ የገንቦውን አፍ መድፈን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ዕቃውን ባዶ አድርጎ ግድግዳውን መፈተግ፣ ከጣሳ ሥር የሚቀመጠውን ሳሕን ማንሣት ይበቃል። የከተማ አስተዳደርም የጓሮ አትክልትን ሲያበረታታ የበርሜል ክዳንን ከዘር አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ዛፍ ለልጅ ልጅ

አትክልት የወቅት ነው፤ ዛፍ ግን የትውልድ ነው። ቴምር እግሩ በውሃ፣ ራሱ በእሳት ይሁን ይባላል፤ የጅቡቲ በጋ የሚጎዳው ሳይሆን ፍሬውን የሚያበስለው ነው። ከዘር የበቀለ ቴምር ወንድ ይሁን ሴት አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ አስተዋይ ሰው ጥሩ ፍሬ ከምትሰጥ እናት ዛፍ ግርጌ የሚወጣውን ቅጥያ ነቅሎ ይተክላል። እርሱም በአራትና በስድስት ዓመት መካከል ፍሬ ይጀምራል። አንድ ወንድ ዛፍ እስከ ሃምሳ ለሚደርሱ ሴቶች ይበቃል፤ ነገር ግን አበባውን በእጅ ካላገናኙት ፍሬው ጥቂትና ዋጋ ቢስ ይሆናል።

ለመጠበቅ የማይታገሥ ሰው ፓፓያን ቢተክል በአንድ ዓመት ውስጥ ፍሬ ያያል። ብቻ ሥሩ ላይ ውሃ እንዳይቋር መጠንቀቅ አለበት። ሽፈራው የተባለው ዛፍም ለዚህ አገር የተፈጠረ ይመስላል። የኮንሶ ሰዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ሲመገቡት የኖሩት ይህ ዛፍ፣ አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ድርቅን ስለሚታገሥ፣ ሌላው ቅጠል ሁሉ በሚጠፋበት በበጋው ወራት ለድስት የሚሆን ቅጠል ይሰጣል። የዛፍ ጥቅም ደግሞ በፍሬው ብቻ አያበቃም። በምዕራብ በኩል የተተከለ ዛፍ የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ያነሣል፤ በሥሩም ለስላሳ አትክልት ያስጠልላል። የአምቡሊ አትክልተኞች በቴምሩ ጥላ ሥር ይተክሉ የነበሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

በጠቅላላው የአንዲት ጠባብ ግቢ ምርት በወደቡ መዝገብ ላይ የሚጻፍ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባውንም የእህል ሒሳብ አይለውጥም። ነገር ግን የገበያ አትክልት በሚወደድበት ሳምንት እቅፍ ቆስጣ ከደጁ የሚቈርጥ ቤተ ሰብ ያንን ገንዘብ ለዓሣ ወይም ለልጆቹ ደብተር ያውለዋል። ለነጋዴውም ቢሆን ችግኝ፣ የጥላ መረብ፣ የሸክላ ገንቦና የበሰበሰ ፍግ ገና ያልተነካ ንግድ ነው። አስተዳዳሪው ደግሞ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የችግኝ መደብ ቢያስከፍት፣ የሰፈሩንም ጕድጓድ ውሃ ጨዋማነት አስለክቶ ውጤቱን ለነዋሪው ቢያስታውቅ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ድካም ያድናል። የውሃውን ጨው ያወቀ ሰው ምን እንደሚተክል ያውቃልና፤ ወቅቱን ያወቀም መቼ እንደሚተክል አይስትም።